አዲስም ነባርም ያልሆንኩበት መንፈቅ

ጋዜጠኝነት ማጥናት በጀመርኩ በዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ቀየርኩ። ምክንያቱ የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ ልዝለለው። ለእናንተም አይጠቅምም። የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። የመጀመሪያው መንፈቅ ትምህርቱን ጥዬ እንድሄድ ሊያደርገኝ ትንሽ ነበር የቀረው። ከጥፋቱ አብዛኛው ደግሞ የራሴ ነበር። ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ለምትገቡ አዲስ ተማሪዎች፣ በተለይም እንደ እኔ መሀል ላይ ተዛውራችሁ ለምትመጡ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ልንገራችሁ። የዘገባ ክፍል ገባሁ። መምህሩ ሰላምታም ሳያበዛ "ለነገ ጠዋት፣ ከግቢው አንድ ዜና፣ 300 ቃል፣ ቢያንስ ሦስት ምንጭ" ብሎ ወጣ። ተማሪው ሁሉ ብድግ አለ። ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ እያወሩ ወጡ። እኔ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። ወዴት ነው የሚሄዱት? ማንን ነው የሚያናግሩት? የአስተዳደር ሕንፃው በየት በኩል እንደሆነ እንኳ አላውቅም። አጠገቤ የነበረች ልጅ ቦርሳዋን እየዘጋች "አዲስ ነሽ እንዴ?" አለችኝ።

"አይ፣ ሁለተኛ ዓመት ነኝ።"

አልዋሸሁም፤ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ። ግን የጠየቀችኝ እሱን አልነበረም። ልትረዳኝ ነበር። እሷም "እሺ" ብላ ሄደች። ያቺ "አይ" ብዙ አስከፍላኛለች።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት የወረቀቱን ነገር ልጨርስ። አሰልቺ እንደሆነ አውቃለሁ። ዝውውር ላይ ያላችሁ ግን ይህን ክፍል ሁለቴ አንብቡት። ከቀድሞው ዩኒቨርሲቲዬ ስወጣ የያዝኩት ትራንስክሪፕቴን ብቻ ነበር። አዲሱ ቦታ የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ወረቀቴን አገላብጠው አዩና "ኮርስ አውትላይኖቹስ?" አሉኝ። ኮርሱ ምን ምን እንደሚሸፍን የሚዘረዝረውን ወረቀት ማለታቸው ነው። የለኝም። የኮርስ ስም ብቻውን ምንም አይናገርም። "የዜና አጻጻፍ መግቢያ" አንዱ ጋ በየሳምንቱ ዜና የሚጻፍበት ኮርስ ነው። ሌላው ጋ ስለ ዜና ተነቦ ፈተና የሚወሰድበት ነው። ሁለት ኮርሶች ሳይያዙልኝ ቀሩ። አንዱ የሚዲያ ሕግ ነው። ሌላው ይኸው የዜና አጻጻፍ መግቢያ። የዘገባ ኮርሱን በልዩ ፈቃድ እንድወስድ ተፈቀደልኝ፤ መግቢያውን ግን ከመመረቄ በፊት መድገም አለብኝ ተባልኩ። ያኔ በጣም ነበር የተናደድኩት። ኤ ያመጣሁበትን ኮርስ ከፍሬሽማን ጋር ቁጭ ብዬ ልማር?

ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት የወሰዳችሁትን የእያንዳንዱን ኮርስ አውትላይን ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ። ከሄዳችሁ በኋላ በስልክ ማስላክ ሌላ ፈተና ነው። የሠራችኋቸውን አሳይመንቶችም አትጣሉ። ኮርሱ ውስጥ ተግባራዊ ሥራ እንደነበር የሚያስረዳላችሁ እሱ ነው። የክሬዲት ቁጥርም ያደናግራል። በአውሮፓው ሥርዓት የአንድ ዓመት ሙሉ ትምህርት 60 ክሬዲት ነው። በአሜሪካው አብዛኛውን ጊዜ 30 ገደማ ነው። 6 የነበረው 3 ሆነብኝ ብላችሁ ከመጣላታችሁ በፊት በትምህርት ሰዓት አስሉት። "ተቀብለናል" ስትባሉም አትርኩ። እንደ ዋና ኮርስ ነው ወይስ እንደ ምርጫ ኮርስ? ልዩነቱ አንድ ዓመት ሊያስጨምራችሁ ይችላል። መልሱን ደግሞ በጽሑፍ ተቀበሉ። በቃል "ችግር የለም" የተባለ ነገር ኃላፊው ሲቀየር ችግር ይሆናል።

ያን የመጀመሪያ አሳይመንት ምን አደረግኩት መሰላችሁ? ከማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ገለበጥኩት። አንድም ሰው ሳላናግር። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ "ሰሌዳው ምን አለሽ?" ብሎ መለሰልኝ።

ለተዛዋሪ ከባዱ ነገር ትምህርቱ አይደለም። ለፍሬሽማኖች የአቀባበል ሳምንት አለ፣ ግቢውን የሚያስጎበኛቸው አለ፣ ሁሉም እኩል ግራ ተጋብቷል። ነባሮቹ ደግሞ ጓደኛቸውን መርጠው ጨርሰዋል። የቡድን ሥራ ሲታዘዝ ዓይን ለዓይን ተያይተው ያልቃል። እኔ ከሁለቱም አልነበርኩም። የአቀባበሉን ሳምንት "የልጆች ነው" ብዬ ቀርቻለሁ። አትቅሩ። አምስተኛ ዓመትም ብትሆኑ ሂዱ። ያኔ መጠየቅ አያሳፍርም። በሦስተኛው ወር "ሬጅስትራር የት ነው?" ማለት ግን ምላስ ያስራል፤ እኔ በራሴ አይቼዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ስህተቴ ልምጣ።

መንፈቁ እየተጋመሰ ሲመጣ የድምፅ ዘገባ ታዘዝን። የዕቃ ክፍሉ ሪከርደር ያውሳል። ቴክኒሺያኑ "ይህን ሞዴል ታውቂዋለሽ?" አሉኝ። አሁንም ያቺው መልስ። "አዎ፣ የድሮው ዩኒቨርሲቲዬም ነበረ።" እውነት ነው፣ ነበረ። ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር እንጂ ነክቼው አላውቅም።

ያናገርኩት የላይብረሪውን የሌሊት ጥበቃ ነበር። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ናቸው። ሌሊት ላይ ግቢው ምን እንደሚመስል፣ ፈተና ሲደርስ ተማሪ እንዴት እንደሚሆን ነገሩኝ። አርባ ደቂቃ ሙሉ። ሪከርደሩ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ዶርም ገብቼ ስከፍተው ምንም የለም። አንድ ፋይል እንኳ። በኋላ እንደተረዳሁት በብዙ ሪከርደሮች ላይ የመቅረጫው ቁልፍ ሁለት ጊዜ መጫን አለበት። የመጀመሪያው ዝግጁ ያደርገዋል፤ ያኔ ነው መብራቱ ብልጭ የሚለው። ሁለተኛው ነው መቅረጽ የሚያስጀምረው፤ ያኔ መብራቱ ሳይቋረጥ ይበራል፣ ሰዓቱም መቁጠር ይጀምራል። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ማብራሪያ ነው። ቴክኒሺያኑ ሊነግሩኝ አፋቸውን ከፍተው ነበር።

ማታውኑ ጽሑፉን ካስታወስኩት ለመጻፍ ቁጭ አልኩ። የድምፁን ነገር "ፋይሉ ተበላሸ" እላለሁ ብዬ ነው። የመጀመሪያውን ንግግራቸውን በትዕምርተ ጥቅስ ውስጥ ከተትኩት፤ እንዳሉት ነበር ማለት ይቻላል። ሁለተኛውን እንዲህ ሳይሉ አይቀሩም ብዬ ጻፍኩ። ሦስተኛው ላይ እሳቸው ካሉት ይልቅ የእኔው አማረኝ። እዚያ ላይ እጄ ቆመ።

በዚያው ሳምንት በሥነ ምግባር ክፍል ስለ ጃኔት ኩክ ተምረን ነበር። የአሜሪካው ጋዜጣ የዋሽንግተን ፖስት ዘጋቢ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1980 የሄሮይን ሱስ ስለያዘው የ8 ዓመት ልጅ ጻፈች። በ1981 ፑሊትዘር የሚባለው ትልቁ የአሜሪካ የጋዜጠኝነት ሽልማት ተሰጣት። ልጁ ግን የለም፤ ፈጥራው ነው። ሽልማቱ ተመለሰ፣ እሷም ሥራዋን ለቀቀች። ክፍል ውስጥ ሁላችንም "እንዴት እንዲህ ታደርጋለች!" ብለን ነበር። እኔን ግን ሌሊት ትዝ ያለኝ ሌላው ነገር ነው። በመጨረሻ የተጋለጠችው በልጁ አይደለም። ስለ ትምህርቷ የሰጠችው መረጃ እውነት ሆኖ ስላልተገኘ ነው። ያልሆነችውን ነኝ ብላ ነበር።

ጠዋት መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። ቀረጻ እንደሌለኝ፣ ሪከርደሩን እንደማልችል፣ አጠቃቀሙንም እንዳልጠየቅኩ ነገርኩት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። "ታዲያ ተመልሰሽ ጠይቂያቸዋ" አለ ብቻ። ስለ መዘግየቱ ማርክ ቀነሰብኝ። ከእሱ ወጥቼ ወደ ዕቃ ክፍሉ ሄድኩና "ጋሼ፣ ዋሽቼዎታለሁ፤ ያሳዩኝ" አልኳቸው። ሳቁ። ሩብ ሰዓት ያህል አስተማሩኝ። ያሉኝን እንዳለ ላስተላልፍላችሁ፤ ስንት ክላስ ይበልጣል።

ሁልጊዜ ኢርፎን አድርጋችሁ እየሰማችሁ ቅረጹ። ዓይን ይታለላል። መጀመሪያ የሰውየውን ስምና ሥራ አስቀርጹና አቁማችሁ አድምጡት፤ ከዚያ ቀጥሉ። የድምፁ መጠን ከፍ ሲል በሪከርደሩ መለኪያ ላይ ከዜሮ በታች 12 ዲሲቤል አካባቢ ቢሆን ደህና ነው። ዜሮን ከነካ ግን ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ድምፅ ደግሞ አይጠገንም። ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ። ማራገቢያና ፍሪጅ ካለበት ክፍል ሽሹ። ሲያልቅ ማንም ሳይናገር የክፍሉን ጸጥታ ለአንድ ደቂቃ ቅረጹ፤ ስትቆርጡና ስትቀጥሉ ክፍተቱን የምትሞሉበት እሱ ነው። ስልካችሁንም አጠገቡ እንዲቀርጽ ክፈቱት፣ ግን ጥሪ እንዳይገባ አድርጋችሁ። ቤት ስትደርሱ ደግሞ ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ። በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይሁኑ፤ አንዱ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ኮምፒዩተሩም ፍላሹም አንድ ቦርሳ ውስጥ ሆነው ቦርሳው የጠፋበት ልጅ አውቃለሁ።

ጥበቃው ጋ ተመልሼ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። "ልጄ፣ እኔም ባለፈው ዋናውን ነገር አልነገርኩሽም" አሉኝ። ዋናው ነገር ይህ ነበር፤ የዶርም ምደባ ያላለቀላቸው ተማሪዎች ላይብረሪ ውስጥ ያድራሉ። ማንበቢያ ወንበር ገጥመው። እሳቸው አዝነው ዝም ይላሉ፣ ሲነጋ ይቀሰቅሷቸዋል። አብዛኞቹ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ናቸው። እንደ እኔ።

ይህን ሲነግሩኝ ሪከርደሩ በርቶ ነበር። "ይሄን ግን እኔ ነኝ ያልኩት ብለሽ እንዳትጽፊ፣ እንጀራዬ ነው" አሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስም ይገለጻል አይገለጽም የሚባለው ሰውየው ከመናገሩ በፊት ነው መስማማት ያለበት። አውቆ የተናገረ ባለሥልጣን በኋላ ስሜ ይቅር ቢል "እሺ ይቅር" ማለት አይገባችሁም ይባላል። ከሚዲያ ጋር ተነጋግሮ ለማያውቅ የሌሊት ጥበቃ ግን ሕጉን አላጠበቅኩም። ስማቸውን አልጻፍኩም፤ ድምፃቸውንም ለዚያ ጉዳይ አልተጠቀምኩም። ሌሊት ሄጄ በዓይኔ አየሁ። ተማሪዎቹን ራሳቸውን አናገርኩ። ጥበቃው መንገዱን ጠቆሙኝ እንጂ ዜናው በእሳቸው ቃል ላይ አልቆመም።

ጽሑፉን ያየው መምህር "ይሄ የክፍል ሥራ አይደለም፣ ጋዜጣው ጋ ውሰጂው" አለኝ። የተማሪዎቹን ጋዜጣ ማለቱ ነው። ጋዜጣው መኖሩን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አውቅ ነበር። ትንሽ ልቻልና እሄዳለሁ እያልኩ ነው የቆየሁት። ይህ ሁለተኛው ትልቅ ስህተቴ ነው፤ አዲስ ገቢዎችም በብዛት የሚሠሩት ይህንኑ ነው። አሜሪካ ያለው የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1908 ሲከፈት ተማሪዎቹ በመጀመሪያው የትምህርት ቀን ጋዜጣ አውጥተዋል። ምን ተምረው ነው? ምንም። እየሠሩ ነው የተማሩት። ካነበብኩት ጊዜ ጀምሮ "ትንሽ ልቻልና" ለሚሉኝ ልጆች እሱን እነግራቸዋለሁ።

አዘጋጇ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ "አዲስ ነሽ?" የሚል ነበር። "አዎ፣ ምንም አላውቅም" አልኳት። ደነገጠች መሰለኝ። ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

የጻፍኩት መግቢያ እንዲህ ይል ነበር፦ "ዩኒቨርሲቲዎች ብቁ የሰው ኃይል በማፍራት ረገድ ያላቸው ሚና የማይተካ መሆኑ ይታወቃል።" አነበበችውና "ይታወቃል ካልሽ ለምን ትነግሪኛለሽ?" አለችኝ። የመጀመሪያዎቹን አራት ዓረፍተ ነገሮች ሰረዘቻቸው። አምስተኛው "የዶርም ምደባ ያላለቀላቸው 14 ተማሪዎች ከሁለት ሳምንት በላይ ላይብረሪ ውስጥ እያደሩ ነው" የሚል ነበር። "ዜናሽ ይሄ ነው፤ ከታች ቀብረሽዋል።" የተገለበጠ ፒራሚድ የሚባለውን፣ ዋናውን ነገር ከላይ የሚያስቀምጠውን የዜና አጻጻፍ፣ በፈተና ላይ ስዬ ሙሉ ማርክ አግኝቼበታለሁ። መሥራት ግን አልቻልኩም ነበር።

ሁለተኛው ትግላችን "ተገለጸ" ከምትባል ቃል ጋር ነበር። "መዘግየቱ በቅርቡ እንደሚፈታ ተገለጸ።" ማን ገለጸ? "ተጠቁሟል።" ማን ጠቆመ? ቋንቋችን ተናጋሪውን መደበቅ ይመቸዋል። ደግሞ ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ዓረፍተ ነገሩ ከረዘመ አንባቢ ማን ምን እንዳደረገ ሳያውቅ ይደክመዋል። አንድ ልምምድ ሰጠችኝ፤ እናንተም ሞክሩት። ጽሑፋችሁን አትሙና "ተ" ብሎ የጀመረ ግስ ላይ ሁሉ አክብቡ። ለእያንዳንዱ የሰው ስም ወይም የሰነድ ስም ማምጣት ካልቻላችሁ ገና አልጠየቃችሁም ማለት ነው። እኔ በመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ አሥራ አንድ አከበብኩ። ስለዚህ የምደባ ክፍሉን ሄጄ መጠየቅ ነበረብኝ፤ እስከዚያ ድረስ እነሱን አላናገርኩም ነበራ! ፈርቼ።

ዜናው ወጣ። በማግስቱ እርምት ወጣበት። ያናገሩኝን ሴትዮ "ኃላፊ" ብዬ ጽፌያቸው ነበር፤ ምክትል ናቸው። ዋናው ኃላፊ ደውለው ተቆጡ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አዘጋጇ ግን እርምቱን ራሴ እንድጽፈው አደረገችኝ። ሁለት መስመር፣ ያለ ሰበብ። ከዚያ ወዲህ ቃለ መጠይቅ ስጨርስ ማስታወሻዬን ለሰውየው ዘርግቼ "ስምዎንና ማዕረግዎን እዚህ ይጻፉልኝ" እላለሁ። በእጃቸው። በ"ሠ" ይሁን በ"ሰ"፣ በ"ኃ" ይሁን በ"ሀ" ክርክር የለም። ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ መተግበሪያዎችንም ስም ላይ እንዳታምኗቸው፤ ቁጥርም ላይ ሲሳሳቱ አይቻለሁ።

ከዚያ ዜና በኋላ ግቢው ጠበበልኝ፤ በደግ ነው የምለው። ለሥራ ስል ያናገርኳቸው ሰዎች መንገድ ላይ ሰላም ይሉኝ ጀመር። ጓደኛ ፍለጋ ብዬ ብወጣ አላገኛቸውም ነበር። ለዚህ ነው አዲስ ለሚመጣ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ደብተር ያዝ የምለው። አሥር ሰው። ሬጅስትራር ውስጥ ወረቀት የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው? የዕቃ ክፍሉ ቁልፍ ማን ጋ ነው? ክሊኒኩ ማታ ማን አለ? የተማሪዎች መማክርት ስብሰባ መቼ ነው? ለመኖርም ለዜናም የሚያስፈልጓችሁ እነዚያው ሰዎች ናቸው። ስማቸውን፣ ቢሮአቸውን፣ የሚገኙበትን ሰዓት ጻፉ። ሲረዷችሁ ደግሞ ተመልሳችሁ አመስግኑ፤ ዜና ሲያስፈልጋችሁ ብቻ አትሂዱ።

ያቺ የመጀመሪያ ቀን "አዲስ ነሽ እንዴ?" ያለችኝን ልጅም ፈልጌ አገኘኋት። ያኔ የሆነውን ስነግራት አላስታወሰችውም። አሁን ግን የዶርም ጓደኛዬ ናት። በየመንፈቁ መጀመሪያ ሁለታችን የተዛዋሪዎችን ዝርዝር ከዲፓርትመንት እንጠይቅና ግቢውን አብረናቸው እንዞራለን። ቦታውን መጠቆም አይበቃም፤ እስከ በሩ መሄድ ነው። የዕቃ ክፍሉ ጋ ስንደርስ ቴክኒሺያኑ ሪከርደሩን ያወጡና "ማነው የሚያውቀው?" ብለው ወደ እኔ ያያሉ።

የቀሩት ኮርሶቼስ? የሚዲያ ሕጉ አውትላይኑ በስንት ልመና ከአራት ወር በኋላ መጣልኝና ተያዘልኝ። የዜና አጻጻፍ መግቢያውን ግን ሦስተኛ ዓመት ላይ ከፍሬሽማኖች ጋር ተቀምጬ ደገምኩት። ያን ያህል ጽፌ፣ ጋዜጣ ላይ ወጥቶልኝ።

ቢ ፕላስ ነው ያመጣሁት።